ዕጣና ዕውቀት፦ ከርስት ክፍፍል እስከ ጎንቻ የትራኮማ ጥናት



ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ እንደ ሌላውም የአማራ ገጠር፣ ወንድማማቾች ርስት ሲካፈሉ መሬቱ በተቻለ መጠን ተመጣጥኖ ይከፈልና ማን የትኛውን እንደሚወስድ ዕጣ ይጣል ነበር። ሽማግሌዎች መምረጥ አቅቷቸው አልነበረም። የሚመርጥ ሰው ምን ጊዜም ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም ወደ አንዱ ያዘነብላል። እኔ ዛሬ የማስረዳው ይኸው ዕጣ ዕውቀትንም ከአድልዎ እንደሚጠብቅ ነው።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ስማዳንና ጋይንትን ያቀፈው የምግብ እጥረት ስለሚደጋግማቸው ነው፤ በየቀበሌውም የሚመረጡት ይበልጥ የተቸገሩት ናቸው። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዓመታት በኋላ አንድ ሰው ተረጂውን ካልተረዳው ጎረቤቱ ጋር አነጻጽሮ ደኽቶ ቢያገኘው፣ እርዳታው አደኸየው ሊል ነውን? ልዩነቱ ከእርዳታው በፊት የነበረ ነው። የሚመሳሰሉ ቤተሰቦችን ማጣመር ይቻላል፤ ሆኖም በሬና ማሳ ይቆጠራሉ እንጂ ትጋትና የዘመድ ድጋፍ በመዝገብ አይገኙም።

ዕጣ ግን ያልተመዘገበውንም ይደለድላል። በእንግሊዝ አገር በሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ የሠራው ሮናልድ ፊሸር የገጠመው የሽማግሌዎቻችን ችግር ነበር፤ አንዱ ማሳ ከሌላው በለምነት ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1935 ስለ ሙከራ አነዳደፍ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የትኛው ማሳ የትኛውን ማዳበሪያ እንደሚያገኝ ዕጣ ይወስን ሲል አስተማረ።

ትምህርቱ ወደ እኛም ደረሰ። ከደቡብ ጎንደር በአባይ ማዶ፣ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በተጀመረ የትራኮማ ጥናት 72 ንዑስ ቀበሌዎች በዕጣ ተደለደሉ። አብዛኞቹ አዚትሮማይሲን ወዲያው ሲሰጣቸው፣ 12ቱ ለማነጻጸሪያ ቆይተው ከዓመት በኋላ ታከሙ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ውጤት ከዓይን አልፎ ሄደ፤ ከ1 እስከ 9 ዓመት ባሉ ልጆች መካከል ሞት ካልታከሙት በ1,000 በዓመት 8.3 ሲሆን ከታከሙት 4.1 ነበር። መንደሮቹን ባለሥልጣን መርጧቸው ቢሆን ኖሮ፣ የታከሙት ለመንገድና ለጤና ጣቢያ የቀረቡት ናቸው ብለን እንጠረጥር ነበር። ዕጣው ይህን ጥርጣሬ ዘጋ።

ዕጣ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ብዛትም ያሻል። በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ የተካሄደው እጅግ የሰፋ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳየው የሕፃናት ሞት ቅናሽ 13.5 በመቶ ነው፤ ከጎንቻው ያነሰ፣ ግን የጸና።

«ልጅን በዕጣ ማስጠበቅ ጭካኔ አይደለምን?» የሚል ይኖራል። መድኃኒቱ እንደሚያድን አስቀድሞ ከታወቀ፣ አዎን፣ ጭካኔ ነው። ጎንቻ ላይ ግን ሞትን እንደሚቀንስ ገና አልታወቀም ነበር። ሳያውቁ ለሁሉ መስጠትም፣ ሳያውቁ ሁሉን መንፈግም ዋጋው የልጅ ሕይወት ሊሆን ይችላል። አባቶቻችን ለመሬት የነፈጉትን አድልዎ፣ እኛም ለሕይወት ልንነፍገው ይገባል።