ደወሉ ሳይደወል የሚያልቅ ግጥሚያ

በኅዳር 1926 ዓ.ም. አንድ የሃያ ሦስት ዓመት እንግሊዛዊ ከአዋሽ ባቡር ጣቢያ ተነሥቶ፣ ግመሎቹንና የታጠቁ ሰዎቹን አስከትሎ ወንዙን ቁልቁል ተከተለ። ዊልፍሬድ ቴሲጀር ይባላል። የተወለደው እዚሁ አዲስ አበባ፣ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ውስጥ ነው። የጉዞው ዓላማ አዋሽ ባሕር ሳይደርስ የት እንደሚቀር ማየት ነበር። ስለዚህ ሰው ብዙ ተጽፏል፤ እምብዛም የማይነሣው ግን በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት በቦክስ የተጋጠመ፣ የቡድኑም አለቃ የነበረ መሆኑ ነው።

የሚሄድበት አገር ዝና ቀድሞት ደርሷል። በ1868 ዓ.ም. ለግብጹ ኬዲቭ ያደረው ስዊሳዊ ሙንዚንገር ጦር እየመራ አውሳ ገብቶ ከአብዛኛው ሰው ጋር እዚያው ቀረ። ከርሱም በኋላ ጁሊየቲና ቢያንኪ የተባሉ ጣልያኖች በየተራ በዚያው በረሃ ተገደሉ። ቴሲጀር ይህን ሁሉ ያውቃል። አውሳ ደርሶ ከሱልጣን መሐመድ ያዮ ጋር የተገናኘው በጫካ መካከል ባለ ገላጣ ስፍራ ሲሆን፣ አንደኛው ግንኙነት በጨረቃ ብርሃን ነበር። ነጭ የለበሱት የሱልጣኑ ሰዎች በዝምታ ተሰልፈው ቆመዋል። ፉከራ የለ፤ ጊሌ መምዘዝ የለ። ሱልጣኑ ፈቀደለትና አለፈ። ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር፣ ቡጢኛው ቴሲጀር ያን ዝምታ ከሌላው ፈረንጅ ይልቅ ሳይረዳው አልቀረም እላለሁ።

ከባድ ሚዛን ቦክስም እንዲሁ ነውና። በቀላል ሚዛን ፍጥነትና ትንፋሽ ይፈርዳሉ። ዘጠናና መቶ ኪሎ የሚመዝኑ ሰዎች ሲጋጠሙ ግን አንዲት ቡጢ ሁሉን ልትጨርስ ስለምትችል፣ ወደ መድረኩ የሚወጣው ሰው ያቺን ቡጢ በፊቱ ከመቅመሱ በፊት በሐሳቡ ይቀምሳታል። አስፈሪ የተባሉት ቡጢኞች ይህን ያወቁ ናቸው፤ ግማሹን ሥራ ተጋጣሚያቸው ራሱ ይሠራላቸዋል። በታሪክ ከሁሉ ያስፈራ ማን ነበር የሚለው ክርክር በየካፌው ሲነሣ ዘወትር የሚጠሩት ሊስተን፣ ፎርማንና ታይሰን ናቸው። እኔ ግን ጆ ሉዊስን አስቀድማለሁ። ምክንያቴ ቡጢው ብቻ አይደለም፤ የርሱ ነገር የእኛንም ታሪክ ስለሚነካ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ፣ የፈረንጁም ጭምር፣ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ሉዊስን ለመረዳት ከጃክ ጆንሰን መነሣት ግድ ይላል። ጆንሰን በ1901 ሲድኒ ላይ ቶሚ በርንስን አሸንፎ የመጀመሪያው ጥቁር የከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ይህ ሰው ሲደባደብ ይስቅ ነበር። ተጋጣሚውን እያናገረ፣ ከተመልካች ጋር እየተቀላለደ፣ የወርቅ ጥርሱን እያሳየ ይመታዋል። ነጩ አሜሪካ ቡጢውን ይቅር ቢለው እንኳ ሳቁን ይቅር አላለውም። በ1902 ጄፍሪስን ሬኖ ላይ ሲያሸንፈው በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ሁከት ተነሥቶ ሰው ሞተ። እርሱ ሻምፒዮናውን በ1907 ካጣ በኋላ ለሃያ ሁለት ዓመታት ያ ማዕረግ በጥቁር ሰው እጅ አልገባም።

እንግዲህ ከአላባማ የጭሰኛ ቤተሰብ ወጥቶ ዲትሮይት ያደገው ጆ ሉዊስ ብቅ ሲል፣ ጥቁሮቹ አስተዳዳሪዎቹ የጆንሰንን ዕዳ አብረው አወረሱት። በወደቀ ነጭ ላይ ፈጽሞ እንዳትደሰት፤ መድረክ ላይ አትሳቅ፤ ፊትህ ላይ ምንም አይነበብ አሉት። ልጁም እሺ አለ። ተጋጣሚዎቹን ያራዳቸው ያ ድንጋይ ፊት፣ ያ የማይርገበገብ ዓይን፣ መነሻው ይህ ነው። ነጩን ላለማስቆጣት የተፈጠረ ጭምብል ከየትኛውም ፉከራ ይልቅ አስፈሪ ሆኖ መገኘቱ ይገርመኛል። ሰው የተቆጣን ፊት ሊያነብ ይችላል፤ ባዶ ፊት ላይ ግን የሚያነበው የራሱን ፍርሃት ነው።

በሌላው ማዕዘን የነበረው ፕሪሞ ካርኔራ ነው። በሰሜን ጣልያን በምትገኝ ሴኳልስ በምትባል መንደር የተወለደ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ፈረንሳይ አገር በሰርከስ ጉልበቱን እያሳየ ይኖር የነበረ ግዙፍ ሰው። ነጋዴዎች አገኙትና አሜሪካ ወሰዱት። ከጀርባው የኒውዮርክ ወንበዴዎች ነበሩ፤ ከግጥሚያዎቹም ብዙዎቹ አስቀድሞ የተሸጡ እንደ ነበሩ በሰፊው ይታመናል። በሰኔ 1925 ሻርኪን በስድስተኛው ዙር ጥሎ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ሙሶሊኒ አጋጣሚውን አላሳለፈውም። ካርኔራ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ፣ እጁን ዘርግቶ በፋሺስት ሰላምታ ፎቶግራፍ ተነሣ። በጥቅምት 1926 ሮማ ላይ ሲጋጠም ዱቼው ራሱ ተቀምጦ አየው። የአዲሲቱ ኢጣልያ አካል ይህ ነው ተባለ። ሰውየው በጠባዩ የዋህ ነበር ይላሉ፤ አስፈሪነቱን ሌሎች የሰፉለት ልብስ ነበር። በሰኔ 1926 ማክስ ቤር ከአሥር ጊዜ ባላነሰ መሬት ላይ አንከባሎ ማዕረጉን ሲወስድበት ልብሱ ተቀደደ፤ የሮማ ጋዜጦች ግን መልሰው ሰፉት።

በዚህ መካከል ኅዳር 26 ቀን 1927 የወልወል ግጭት ሆነ። ሙሶሊኒ ጦሩን በስዊስ ቦይ ወደ ምፅዋ ማጓጓዝ ጀመረ። የሉዊስና የካርኔራ ግጥሚያ የተቆረጠው ለሰኔ 18 ቀን 1927 ነበርና፣ የአሜሪካ ጋዜጦች ነገሩን የሮማና የአዲስ አበባ ጉዳይ አደረጉት። የሃርለም ጥቁሮች ሉዊስን እንደ ኢትዮጵያ ወታደር አዩት። ሉዊስ ኋላ ስለ ሕይወቱ ሲተርክ፣ ከግጥሚያው በፊት ሰዎች መጥተው ስለ ኢትዮጵያ እንዳወሩትና በዚያ ዕድሜው ትከሻው ላይ ከባድ ሸክም እንደጫኑበት አስታውሷል። ገና ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር። የሚያስደንቀው ደግሞ፣ በዚያው ሰሞን ጆን ሮቢንሰን የተባለው የቺካጎ ጥቁር አብራሪ በጅቡቲው ባቡር አዋሽን አልፎ አዲስ አበባ መግባቱ ነው። እርሱ በአካል መጣ፤ ሉዊስ በያንኪ ስታዲየም ቀረ።

በዚያ ምሽት ስድሳ ሺህ ያህል ሰው ተሰበሰበ። ሁከት ይነሣል ተብሎ ስለተፈራ ፖሊሱ በዝቷል፤ የመድረኩ አስተዋዋቂም ሕዝቡ ዘርና ሃይማኖት ሳይለይ እንዲፈርድ ለመነ። ሉዊስ 89 ኪሎ ያህል፣ ካርኔራ 118 ኪሎ ያህል ይመዝናሉ። ደወሉ ተደወለ፤ ልጁ ግዙፉን ሰው ከሆዱ ጀምሮ እንደ ግንብ ያፈርሰው ጀመር። እጁ ሲወርድለት ወደ አገጩ ወጣ። በስድስተኛው ዙር ካርኔራ ሦስት ጊዜ ወደቀ፤ ዳኛው አስቆመው። ሉዊስ አልሳቀም። ሃርለም ግን ሌሊቱን ስትጨፍር አደረች። ሮማ ላይ፣ ካርኔራ መሬት ላይ የወደቀበት ፎቶግራፍ በጋዜጣ እንዳይወጣ ትእዛዝ ተላለፈ። ይህ ትእዛዝ ለእኔ ከቡጢው ይልቅ ብዙ ይናገራል፤ በማስፈራት የሚኖር መንግሥት ከመሸነፉ ይልቅ የሚፈራው ሲሸነፍ መታየቱን ነው።

ይህን ግጥሚያ እንደ ትንቢት የሚተርኩት አሉ። እኔ አልወደውም። ሉዊስ መስከረም 13 ቀን 1928 ደግሞ ማክስ ቤርን በአራተኛው ዙር ጣለው፤ በዘጠነኛው ቀን የጣልያን ጦር መረብን ተሻገረ። ቦክስ ዳኛ አለው፤ ከወገብ በታች መምታት ክልክል ነው። የመርዝ ጋዙን የሚከለክል ዳኛ ግን አልተገኘም፤ ጄኔቭ የተቀመጠው ማኅበር ፊሽካውን በኪሱ ይዞ ተመለከተ። በመጋቢት 1928 ከአሰብ በኩል የተነሣ የጣልያን ጦር፣ ስንቁን በአውሮፕላን እያገኘ በረሃውን አቋርጦ ሰርዶ ገባ። ሰርዶ ከዛሬዋ ሰመራ ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ በ1961 የመሬት መንቀጥቀጥ ያፈረሳት ቦታ ናት። ሱልጣኑም ከመጣው ኃይል ጋር ተስማማ። ቴሲጀርን በጨረቃ ብርሃን የተቀበለው ያ ዝምታ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ዋጋ አጣ፤ ከሰማይ የሚመጣ ሰው የተሰላፊውን ዓይን አያየውማ።

የሉዊስም ዝምታ ቢሆን ለሁሉ አልሠራም። አዲስ አበባ በተያዘች በወር ከመንፈቅ፣ ሰኔ 12 ቀን 1928፣ ጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ በአሥራ ሁለተኛው ዙር ዘረረው። ሽሜሊንግ ከሌሎቹ የተለየ ጀግና ስለ ነበር አይደለም። የሉዊስን ፊት ትቶ እጁን ስለ ተመለከተ ነው፤ ልጁ በግራ ከሰነዘረ በኋላ ግራ እጁን ዝቅ ያደርጋል። ሉዊስ ትምህርቱን ወሰደ። በ1929 ሻምፒዮን ሆነና ሰኔ 15 ቀን 1930 ሽሜሊንግን በ124 ሴኮንድ ጨረሰው። ማዕረጉን እስከ 1941 ይዞ ሃያ አምስት ጊዜ ተከላከለ። በእነዚያ ዓመታት ከተጋጠሙት መካከል ከደወሉ በፊት ተሸንፈው የወጡት ብዙ ናቸው።

ሶኒ ሊስተን የተለየ ዓይነት ነው። ቦክስን የተማረው እስር ቤት ሲሆን ከወንበዴዎች ጋር ያለው ግንኙነትም የታወቀ ነበር። በካባው ሥር ፎጣ እየደራረበ ትከሻውን ያሰፋ ነበር ይባላል። ፓተርሰንን በ1955 ሁለት ጊዜ በመጀመሪያው ዙር ጣለው። አንድ የሃያ ሁለት ዓመት ለፍላፊ ልጅ በየካቲት 1956 ሲገጥመው ግን፣ ሊስተን ሰባተኛው ዙር ሊጀመር ሲል ከወንበሩ አልተነሣም። ካሲየስ ክሌይ፣ ማለት የኋላው መሐመድ አሊ፣ ለወራት ሲሰድበውና ሲያብድበት ነበር፤ ሊስተን ደግሞ ወንጀለኛን አይፈራም፣ እብድን ግን ይፈራል።

ፎርማንን አሊ ያሸነፈው ጥቅምት 20 ቀን 1967 ኪንሻሳ ላይ ነው። እኛ ጋ ንጉሠ ነገሥቱ ከወረዱ ሁለት ወር አልሞላም ነበር። ፎርማን ፍሬዘርን በሁለት ዙር ስድስት ጊዜ የጣለ ሰው ነበርና አሊ ይሞታል ብለው የሠጉ ነበሩ። አሊ ገመዱን ተደግፎ ተመታለት፤ እየተመታም በጆሮው ያ ብቻ ነው እንዴ የምታውቀው ይለው ጀመር። ስምንተኛው ዙር ላይ የደከመው ፎርማን ወደቀ። አስፈሪ ሰው ብርቱ ክንድ ብቻ ሳይሆን የሚፈራው ሰውም ያስፈልገዋል፤ ያ ሲጠፋበት የሚያደርገውን ያጣል።

ማይክ ታይሰን ካባ ሳይደርብ፣ ካልሲ ሳያደርግ፣ በጥቁር ቁምጣ ብቻ ወደ መድረክ ይወጣ ነበር፤ ለሥራ እንደ መጣ ሰው። በሃያ ዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ። በሰኔ 1980 ስፒንክስን በ91 ሴኮንድ ሲጥለው፣ ስፒንክስ ገና ሲገባ ፊቱ ላይ ያለውን ያየ ሁሉ ውጤቱን ያውቅ ነበር። ታይሰን ራሱ ኋላ እንደተናገረው፣ ከመልበሻ ክፍል ሲወጣ እርሱም ይፈራ ነበር፤ በራስ መተማመኑ የሚመጣው ወደ ገመዱ እየቀረበ፣ ተጋጣሚው ዓይኑን ሲሰብር ነው። የካቲት 4 ቀን 1982 ቶኪዮ ላይ ዓይኑን ያልሰበረ ሰው ገጠመው። ባስተር ዳግላስ በውርርድ አንድ ለ42 የተገመተ፣ እናቱ ከሞተች ጥቂት ሳምንት ብቻ የሆነው ሰው ነበር። በአሥረኛው ዙር ታይሰን ወደቀ፤ ወለሉ ላይ በእጁ እየዳሰሰ የጥርስ መከላከያውን ሲፈልግ ታየ።

በዚያው ቀን፣ በዚያው የካቲት 4፣ በደቡብ አፍሪካ የእስር ቤት በር ላይ አንድ የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ በእግሩ እየተራመደ ወጣ። ወጣት ሳለ ሶዌቶ ውስጥ በከባድ ሚዛን የሚለማመድ አማተር ቡጢኛ ነበር። ችሎታውን ሲመዝን ያን ያህል አልነበርኩም ይላል። በ1954 ክረምት ደግሞ እዚህ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ውስጥ የጦር ትምህርት ተምሯል።