ባልትናና ነቀዝ

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ እርሻው ለቤት፣ ጎተራው ለጆንያ ቦታውን ከለቀቀ ሰነባብቷል። ሦስቱም ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ነቀዝ ግን ከጎተራው ጋር አልሄደም፤ ጆንያው ውስጥ ገብቷል።

ነቀዝ ጤፍ አይደፍርም። እንቁላሉን የሚጥለው በአንዲት ፍሬ ውስጥ ነው፤ እጩም እዚያው ሆኖ ውስጧን እየበላ ያድጋል። በቆሎና ስንዴ ለዚህ ይመቻሉ፤ የጤፍ ፍሬ ግን ለማደሪያ አትበቃም። ይህን በማጉያ መነጽር ያላዩት እናቶቻችን በቆሎውን ወይም ማሽላውን ሲከትቱ ጤፍ ይደባልቁበት ነበር። ደቃቁ ጤፍ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላውና ነቀዙ መላወሻ ያጣል። ጤፍ ካልተረፈ የምድጃ ዐመድ አለ። ዐመድ የነቀዙን ገላ የሚሸፍነውን ሰም መሰል ልባስ ይፍቀዋል፤ እርጥበቱ ተንኖ ያልቅና ነቀዙ ደርቆ ይሞታል። ለሰው የሚቀረው ሥራ በወንፊት መንፋት ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ባልትና ተባለ እንጂ መድኃኒት አልተባለም። መድኃኒት የተባለው ነጩ ዱቄት ነው። ዲዲቲ ነፍሳት መግደሉን ስዊዘርላንዳዊው ፖል ሙለር እ.ኤ.አ. በ1939 ደረሰበት፤ በ1948 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። በአገራችን የወባ ማጥፊያ ድርጅት በ1959 ሲቋቋም ዱቄቱ በየቆላው ግድግዳ ላይ ተረጨ። ለወባ ትንኝ የመጣው ለቁንጫና ለትኋን ሆነ፤ ቀጥሎም እህል ውስጥ ገባ። ጊዜው አልፎባቸው በየመጋዘኑ የተከማቹ የተባይ መርዞችን ለማስወገድ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከ1,000 ቶን በላይ ፊንላንድ ድረስ ተጭኖ መቃጠል ነበረበት።

ዛሬ ደግሞ የነቀዝ ክኒን አለ። እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ለዚህ ጋዝ ማርከሻ የለውም። ጆንያውን ከአልጋው አጠገብ አቁሞ ለሚተኛ የከተማ ቤተሰብ ከዚህ የከፋ ጎረቤት አይገኝም።

ባልትና በሳይንስ ዓይን የታየበት ጊዜም አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከላይ በኩል ሕያዋኑን ለቅመው የእንዶድ አረፋ ሲያስነኳቸው እነዚያም ሞቱ። ለዚህ ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በእንዶድ የውሃ ቧንቧ የሚደፍን ባለዛጎል እንስሳ የማጥፋቱን ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ። አጣቢዎቹ ሴቶች በመዝገቡ የሉም፤ እንዶድ ግን ዛሬም በየአጥሩ ይበቅላል።

ከተፈጥሮ የመጣ ሁሉ የዋህ ነው ማለት ግን ስሕተት ነው። እንዶድ ዓሣም ይገድላል። ዓሣ አጥማጆች ወጥቅተው ውሃ ላይ የሚበትኑት የብርብራ ፍሬም ያው ነው።

ለጓሮ ጎመን ሰላሙ ከማዕድ ቤት የሚወጣው ነው። ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ወቅጦ በውሃ ማሳደር፣ ማጥለል፣ ጥቂት ሳሙና ጨምሮ ክሽክሹ በሚርመሰመስበት በቅጠሉ ሥር መርጨት። እጅን ከዓይን ማራቅ ያሻል። ዝናብ ካጠበው እንደገና መርጨት ነው፤ ሱሉልታ በሐምሌ ለዚህ ሥራ አትመችም።