የአዋሽ አክሲዮን የማን ነበር?

የጉባኤ ሰሞን በደረሰ ቁጥር የውስጥ መስመሬ ይሞላል። የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማህበር ዓመታዊ ጉባኤውን እንደ ልማዱ ሐምሌ ላይ ያደርጋል፣ ዩኒቨርሲቲዎችም የየራሳቸውን የጥናት መድረክ ይጠራሉ፣ ከዚያ የድሮ ተማሪዎቼ «መምህር፣ ርዕስ ይጠቁሙን» ይሉኛል። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያው ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ የሁሉም ርዕስ አንድ ሆኗል፦ «የካፒታል ገበያ በኢትዮጵያ፣ ዕድሎችና ተግዳሮቶች»። ኧረ ልጆች! ዕድልና ተግዳሮት የሌለው ነገር አለ እንዴ?

ዛሬ ረዘም አድርጌ የምጽፈው ለእነሱ ነው። ሌላውም ጊዜ ካለው ቡናውን ይዞ ይከተለን። የምለው ይህን ነው፦ የአገራችን የገንዘብና የአክሲዮን ታሪክ ትልቁ ክፍል የተሠራው አዲስ አበባ ላይ ሳይሆን ቁልቁል አፋር ምድር፣ በአዋሽ ሸለቆና ከዚያ በሰሜን ባለው የጨው ሜዳ ነው። አዋሽ ሰባት ወይም ሰመራ ተቀምጦ ጥያቄ የሚያነሳ ተመራማሪ አራት ኪሎ ያለው የማይታየው ነገር ይታየዋል።

የሙያ ማህበራት ታሪክም ይህን ያሳያል። የአሜሪካ ፋይናንስ ማህበር የተጠነሰሰው እ.ኤ.አ. በ1939 ፊላደልፊያ ላይ ነው፤ መጽሔቱ በ1946 ወጣ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጽሑፉ የሚበዛው ስለ ተቋማት አሠራር ነበር። በ1960 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የአክሲዮን ዋጋዎችን መረጃ ማሰባሰቢያ ማዕከል ሲያቋቁም ግን ሙያው ቀስ በቀስ ፊቱን ወደ ዋጋ ትንተና አዞረ። መረጃ ባለበት ጥያቄ ይበዛል፣ መረጃ በሌለበት ዝም ይባላል። የእኛው ማህበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1991፣ በሽግግሩ ማግስት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ድህነት፣ ስለ ግብርና፣ ስለ ዋጋ ንረት ብዙ ቁም ነገር ተጽፏል። የአፋር የገንዘብ ታሪክ ግን እምብዛም አልተነካም።

ከአሞሌው ልጀምር። አሞሌ ጨው የሚቆረጠው በሰሜን አፋር፣ ከባሕር ወለል በታች ባለው ዳሎል አካባቢ ነው። በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመጣው ፖርቹጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ ሲሠራ እንዳየ ጽፏል፤ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመንም ከገበያ አልጠፋም። የሚገርመኝ የዋጋው ነገር ነው። አሞሌው ከተቆረጠበት በራቀ ቁጥር ይወደዳል። በአንድ ማርትሬዛ ብር ትግራይ ላይ ብዙ አሞሌ ታገኛለህ፣ ሸዋ ላይ ይቀንሳል፣ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ስትሄድ ይበልጥ ይቀንሳል። ልዩነቱ ውስጥ የግመሉና የበቅሎው ድካም አለ፣ የየኬላው ቀረጥ አለ፣ የሽፍታው ስጋት አለ፣ ዝናብ ቢያገኘው የሚሟሟው አለ። እኛ ክፍል ውስጥ «አርቢትራጅ» ስናስተምር የኒውዮርክንና የለንደንን ዋጋ እንጠራለን። ያገራችን ሲራራ ነጋዴ ያለ መጽሐፍ ያውቀው ነበር። ጨው ቆራጩ አፋር ደግሞ፣ አንድ ጊዜ ላጋንንና፣ የአገሩን ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ነበር። የዋጋ ልዩነቱ ግን በአብዛኛው የቀረው ከቆረጠው እጅ ሳይሆን ከተሸከመውና ከቀረጠው እጅ ነው። ይህን አስታውሱልኝ፣ ወደ ወንዙ ስንወርድ እንመለስበታለን።

ወደ ደቡብ፣ ወደ አዋሽ ሰባት እንምጣ። ከተማዋ የባቡር ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1894 ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሰጡ፣ ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፣ ከዚያ ለዓመታት ቆመ። ያቆመው ገደል ወይም በረሃ አልነበረም። ገንዘብ ነበር። ኩባንያው ከፈረንሳይ በቂ ካፒታል ባያገኝ የእንግሊዝ ባለሀብቶች ገቡበት፣ የፈረንሳይ መንግሥት ደግሞ መስመሩ ከእጄ ይወጣል ብሎ ጣልቃ ገባ፣ በመጨረሻ ኩባንያው ከሰረ። አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ፣ ሐዲዱ የአዋሽን በረሃ አቋርጦ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። የአቢሲኒያ ባንክም በ1906 ሲከፈት ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ውል ነበር፣ አክሲዮኑም በካይሮና በአውሮፓ ከተሞች ተሸጠ። አዋሽ ጣቢያ ላይ ባቡር የሚጠብቅ ሰው እግሩ ሥር ያለው ብረት የፓሪስ ሰዎች አክሲዮን እንደሆነ የሚነግረው አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ወንዙ።

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳያይ፣ አቤ ሐይቅ ላይ የሚቀር ወንዝ ነው። ለአፋር አርብቶ አደር የወንዙ ዳር ምን እንደነበር ለመረዳት ፋይናንስ የተማረ ሰው የተሻለ ዕድል አለው፣ ምክንያቱም ኢንሹራንስ ነበር። የካርማ ዝናብ ሲጥል መንጋው ሜዳው ላይ ይበተናል፣ የወንዙ ዳር ያርፋል። በጊላልና በሐጋይ፣ ሜዳው ሲደርቅ፣ መንጋው ወደ ወንዙ ይመለሳል። ክፉ ዓመት ሲመጣ ደግሞ ሌላ መሸሸጊያ የለም። አንድ መሐንዲስ መንጋው ሜዳ ላይ ባለበት ወር መጥቶ ቢያየው «ባዶ መሬት» ብሎ ይመዘግባል። ለቤቱ የእሳት መድን የገባ ሰው ቤቱ ስላልተቃጠለ ውሉ ባዶ ወረቀት ነው ይባላል?

ሕጉ ግን እንደ መሐንዲሱ ነበር ያየው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 130 የግጦሽ መሬትን፣ ደንንና ወንዝን የመንግሥት ይዞታ አደረገ። ስም ያልተጻፈበት መሬት ሁሉ የመንግሥት ነው ማለት ነው። አርብቶ አደር ደግሞ በጎሳ እንጂ በካርታ አይዝም። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፣ ያንን መሬት የማከራየትና የማልማት ሥራ ተሰጠው። ላይኛው አዋሽ ላይ የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ወንጂን ቀደም ብሎ ይዟል፣ በኋላም መተሐራን ጨመረ (የከረዩ ኦሮሞ የግጦሽ መሬት የሄደው በዚያ ነው)። ታችኛው አዋሽ ላይ፣ ዛሬ ሰመራ ካለችበት አጠገብ፣ ዱብቲ ላይ፣ የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ከመንግሥት ጋር የተንዳሆ እርሻ አክሲዮን ማህበርን አቋቋመ። ጥጥ። በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራና በመልካ ሰዲ በኩል፣ ሌሎች የጥጥ እርሻዎች ተከተሉ።

አክሲዮን የሚለው ቃል ላይ ቁሙልኝ። እ.ኤ.አ. በ1965 በብሔራዊ ባንክ ጥላ ሥር የአክሲዮን መገበያያ ቡድን ተቋቁሞ ነበር። አዲሱ ገበያ «የመጀመሪያው» ሲባል ስትሰሙ ይህንንም አስቡ፣ ቅድመ አያት አለው። ከሚገበያዩት አንዱ የኤች ቪ ኤ አክሲዮን ነበር። ስለዚህ በ1960ዎቹ አዲስ አበባ የሚኖር የባንክ ጸሐፊ ወይም የመሥሪያ ቤት ኃላፊ የአዋሽ ስኳር ባለድርሻ መሆን ይችል ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻ የትርፍ ድርሻውን ይቀበላል። አገዳው የበቀለበትን ሣር ከብቱን ያበላበት የነበረው ሰው ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም። ባለአክሲዮን አይደለም፣ አበዳሪ አይደለም፣ አከራይም አይደለም። መሬቱን አዋጣ፣ ድርሻ አልተቆጠረለትም። በሒሳብ ቋንቋ «በዓይነት የተደረገ መዋጮ» የምንለው ነገር አለ አይደል? ያ ነው፣ ያለ ሰርተፊኬት።

ከዚያ የ1965 ዓ.ም. ድርቅ መጣ። አፋር ከቀደምቶቹ ተጎጂዎች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ላርስ ቦንደስታም የተባለ ተመራማሪ ስለ ሰሜን ምሥራቅ ቆላ ሕዝብና ስለ ካፒታሊዝም ባሳተመው ጽሑፍ ጉዳቱን ከወንዙ ዳር እርሻዎች ጋር አያይዞታል። ኩባንያ ብቻውን ረሃብ አመጣ ማለቴ አይደለም፣ ዝናቡም ቀርቷል፣ መንግሥትም ደብቋል። ግን ሐጋይ ሲከፋ መሸሻ የነበረው ዳር ጥጥ ተዘርቶበት ነበር። መድኑ ተሸጧል፣ ሽያጩ ለመድን ገቢው አልተነገረውም።

አፋርን ተመልካች ብቻ አድርጎ ማቅረብም ትክክል አይደለም። አውሳ ላይ ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፍሬ ጨዋታውን ቶሎ ነበር ያዩት። እሳቸውና በዙሪያቸው የነበሩ የአሳይታ ሰዎች ራሳቸው ጥጥ ማምረት ጀመሩ፣ መሬቱ በኩባንያ ከመወሰዱ በፊት በእርሻ ያዙት ማለት ይቀላል። ጥቅሙ ለተራው ከብት አርቢ ምን ያህል ደረሰ? ይህ ራሱን የቻለ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው፣ ማንም ቢጽፈው ደስ ይለኛል። በኔ ግምት ወደ ላይ ያመዘነ ነበር።

1967 ዓ.ም. ሁሉንም ጠረገው። ጥር ላይ ትልልቅ ኩባንያዎች ተወረሱ፣ የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፣ ክረምቱ ሲገባ ሱልጣኑ ተሰደዱ። የአክሲዮን መገበያያው ተዘጋ፣ ሰርተፊኬቱ የሣጥን ወረቀት ሆነ። ጥጡ ግን አልተነቀለም፤ የመንግሥት እርሻ ተብሎ ቀጠለ። ባለቤቱ ተቀየረ እንጂ የአፋሩ ስም ያኔም መዝገቡ ላይ አልገባም።

የደርግ ዘመን አልፎ የግል ባንክ ሲፈቀድ፣ ኅዳር 1987 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተቋቋሙት አንዱ፣ 486 መሥራች ባለአክሲዮኖች በ24.2 ሚሊዮን ብር ያቋቋሙት ባንክ፣ ስሙን ከወንዙ ወሰደ፦ አዋሽ። ጥሩ ስም ነው፣ ወንዙ ከደጋ እስከ ቆላ ስንቱን ያገናኛል። ባንኩ ዛሬ ከታላላቆቹ አንዱ ነው። እኔን የሚያስገርመኝ ወንዙ በፋይናንስ ታሪካችን ሁልጊዜ ስም ወይም ውኃ ወይም መሬት ማበደሩ ነው።

ያለንበትን ዘመን በአጭሩ ልለፈው፣ ምክንያቱም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የተንዳሆ ስኳር የህንድ ኤግዚም ባንክ ለስኳር ልማታችን ከሰጠው የ640 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተካፍሏል፣ የታሰበለት ስፋት ላይ ግን አልደረሰም። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው ባቡር የቱርክ ኤግዚም ባንክና በክሬዲት ስዊስ የተመሩ አበዳሪዎች ገንዘብ ነው። ከ1894 ወዲህ ብረቱ ተለውጧል፣ የአበዳሪዎቹ አድራሻ ግን አሁንም ውጭ አገር ነው። ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የአንድ ቢሊዮን ዶላሩን ቦንድ ወለድ መክፈል ሲያቅተን አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ውይይት ተደረገ! አዋሽ ሰባት ላይ ግን ስለ ብድሩ ለመወያየት የጠራ አልሰማሁም።

እንግዲህ ርዕስ ስጡን ላላችሁኝ፦ አንደኛው፣ ወንዙ ዳር ለአርብቶ አደሩ ስንት ያወጣ ነበር? እንደ መድን ተቆጥሮ፣ የድርቅ ዓመታት ድግግሞሽ ገብቶበት፣ ከጥጡ ትርፍ ጋር ተነጻጽሮ ይሰላ። ዕውቀቱ አላችሁ፣ የአማራጭ መብት ዋጋን ለፈተና ሸምድዳችሁታል። ሌላው፣ ዛሬ በሸለቆው ልማት የአካባቢው ሰው ባለድርሻ ቢሆን ድርሻው በምን ይያዛል? በጎሳ? በቀበሌ? በግለሰብ? ከብቱ ላለቀበት ወገን ከብት እያዋጣ የኖረ ሕዝብ አደጋ መጋራትን አዲስ አያደርገውም፤ ወለድን ግን በሃይማኖቱ አይቀበልም፣ ከወለድ ነፃ የሆኑት ባንኮችም ሥራ ከጀመሩ ገና ጥቂት ዓመታቸው ነው። አክሲዮን ደግሞ ከብድር ይልቅ ለዚህ ይቀርባል። ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ልጆች፣ ይህን ከእናንተ የተሻለ ማን ይጽፈዋል? ዱብቲ እኮ ጎረቤታችሁ ናት።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምናችሁ። አሳይታ፣ ዱብቲ፣ አዋሽ ሰባት፣ መተሐራ ወይም አዲስ አበባ፣ ከአባት ወይም ከአያት ሣጥን ውስጥ የድሮ አክሲዮን ሰርተፊኬት፣ የጥጥ መረከቢያ ደረሰኝ ወይም የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን የኪራይ ውል ያላችሁ፣ እንዳትጥሉት። ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ስማችሁን አልጠቅስም። ሰርተፊኬት ከሆነ ጀርባውንም አንሱት፤ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ተጽፎ ከሆነ የሚገኘው እዚያ ነው።