ጾርና ሐልዮ፦ በሰሜን ተራሮች ግርጌ የክፉ ሐሳብ ታሪክ

ከደባርቅ በሊማሊሞ ገደል ቁልቁል ተወርዶ፣ አዲ አርቃይ ታልፎ በሚደረስበት በዋልድባ ገዳም፣ መነኮሳቱ እህል ትተው ቋርፍ እየተመገቡ ለዘመናት የታገሉት ረኀብን ብቻ ሳይሆን «ጾር»ን፣ ማለትም ሳይጠሩት መጥቶ ልብን የሚያስጨንቀውን የሐሳብ ውጊያ ጭምር ነው። ስለዚሁ ውጊያ፣ በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤዋግሪስ የክፉ ሐሳብ መምጣት በሰው እጅ እንዳልሆነ፣ ማስተናገዱ ግን በሰው ፈቃድ እንደሆነ ለይቶ አስተምሯል።

በዚሁ አካባቢ ያለው የደባትና የደባርቅ ምእመን ግን ኃጢአት በሐልዮ፣ በነቢብና በገቢር፣ ማለት በማሰብ፣ በመናገርና በመሥራት እንደሚፈጸም እየሰማ ስላደገ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ያዘለችውን ልጅ በያዘችው ቢላዋ የመጉዳት ሐሳብ ድንገት ብልጭ ያለባት እናት ራሷን እንደ ነፍሰ ገዳይ ብትቆጥር አያስደንቅም። የዛሬው ሕክምና እንዲህ ያለውን የማይፈለግና ተመላላሽ ሐሳብ፣ እሱን ለማባረር ከሚደረገው ድግግሞሽ ጋር፣ ኦብሴሲቭ ኮምፐልሲቭ ዲስኦርደር ይለዋል፤ ሐሳቡ የሚያስጨንቀውም ከሰውየው ፍላጎት ጋር ስለሚጋጭ ነው።

ቢላዋ መደበቅም ሆነ ያንኑ ሐሳብ ደጋግሞ መናዘዝ ለጊዜው ያሳርፋል እንጂ ፍርሃቱን ይመግበዋል። የሥነ ልቦና ባለሙያው ቪክቶር ማየር እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተመው ሕክምና ታማሚው የሚፈራውን ነገር ቀስ በቀስ እየተጋፈጠ ማምለጫ ያደረገውን ድግግሞሽ እንዲተው የሚያደርግ ነው። ተመራማሪዎቹ ራክማንና ደ ሲልቫ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 እንዲህ ያለ ሐሳብ አብዛኞቹን ጤነኞች ጭምር እንደሚጎበኝ አሳዩ።