ከግብር አዳራሽ እስከ ሆለታ፦ የአዛዥነት ልማድ በኢትዮጵያ ጦር

በቀድሞው የኢትዮጵያ ጦር ማዕረግ በመጀመሪያ የስፍራ ስም ነበር፤ ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ የሚሰለፈውን ጦር ይመሩ ነበር። የአዛዡ ክብር ግን ከስፍራው ይልቅ በግብሩ ይለካ ነበር ማለት ይቻላል፤ ወታደሩ በጌታው አዳራሽ ጠጅ እየጠጣና ጥሬ ሥጋ እየቆረጠ፣ ግዳዩን እየቆጠረና እየፎከረ የሚሸለም፣ ማደሪያ ማለትም በደመወዝ ፈንታ አገልግሎት እስከሰጠ ድረስ የሚበላውን መሬት የሚቀበል ስለነበር፣ ታማኝነቱ ለሹመቱ ሳይሆን ለሰውየው ነበር። አዛዡ ራሱ ከፊት መዋሉ የዚህ ልማድ ብርታት ሲሆን፣ ድክመቱ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ተገልጧል፤ ድሉ ወደ ኢትዮጵያውያን ካጋደለ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመቁሰላቸው ጦሩ ተፈታ።

በ1927 ዓ.ም. በሆለታ ገነት የተከፈተው የጦር ትምህርት ቤት ይህን ልማድ የሚቃረን ትምህርት ይዞ መጣ። በሻምበል ቪኪንግ ታም የሚመሩት የስዊድን መኮንኖች ያስተማሩት፣ ትእዛዝ በሰው ላይ ሳይሆን በማዕረግ ላይ የቆመ መሆኑን፣ አንዱ አዛዥ ቢወድቅ ቀጣዩ ባለማዕረግ ተተክቶ ውጊያውን መቀጠል እንዳለበት ነው። የኢጣልያ ወረራ ትምህርቱን ከመንገድ ቢያስቀረውም ዘሩ በቅሎ ነበር፤ እጩ መኮንኖቹ በምዕራብ ኢትዮጵያ የተሳተፉበት የጥቁር አንበሳ ማኅበር፣ በዶክተር ዓለምወርቅ በየነ ሰብሳቢነት፣ የፖለቲካው አመራር ከጦር አዛዡ በላይ እንዲሆን፣ ምርኮኛ እንዳይንገላታና ገበሬ እንዳይበደል የሚደነግግ መተዳደሪያ በጽሑፍ አውጥቷል። አዛዡን ራሱን የሚያስር ሕግ በጦር ሜዳ መጻፉ፣ ከሆለታ ፍሬዎች ሁሉ ትልቁ ሳይሆን አይቀርም።

ከነጻነት በኋላ መምህሮቹ በዙ። የምድር ጦሩን ከ1934 እስከ 1943 ዓ.ም. የእንግሊዝ የጦር ሚሲዮን አሠለጠነው፤ ከክቡር ዘበኛ የተውጣጡት የቃኘው ሻለቆች በኮሪያ በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር ተዋጉ፤ ከዚያም በሐረር አካዳሚ የህንድ መኮንኖች ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጡ ወጣቶችን ሦስት ዓመት ያስተምሩ ጀመር። ከተራ ወታደርነት ተነሥቶ በአጭር ኮርስ ሆለታን የጨረሰ መኮንንና የሐረር ምሩቅ አንድ ዓይነት ኮከብ ቢያደርጉም በእኩል ዓይን አይተያዩም ነበር።

ይሁን እንጂ የግብር አዳራሹ ልማድ በአዲሱ የደንብ ልብስ ውስጥም አልሞተም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት አያሌ የክቡር ዘበኛ ወታደሮች የተሰለፉት፣ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ መነሣታቸውን ሳያውቁ፣ አዛዣቸው ስላዘዘ ብቻ ነበር። አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የሆለታ ትምህርት ቤት ፍሬ ነበሩ፤ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው ከተገደሉት መካከል የነበሩት፣ ከእርሳቸው በፊት ክቡር ዘበኛን የመሩት ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊም እንዲሁ።