ፈሪው መሐንዲስ

እ.ኤ.አ. በ1990 «ስታር ትሬክ» በተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ባርክሌይ የሚባል መሐንዲስ ብቅ አለ። ሰው ፊት ይንተባተባል፤ ባልደረቦቹ ስሙን አጣመው ያላግጡበታል። ሲጨንቀው ኮምፒውተር በፈጠረው ዓለም ገብቶ ይደበቃል። እንከን የለሽ መኮንኖች በሞሉባት መንኮራኩር ተመልካቹ ራሱን ያገኘው በእሱ ነው፤ በእንግድነት መጥቶ ደጋግሞ ተመለሰ። ከዓመታት በኋላ በ«ቮየጀር» ድራማ ርቃ ከጠፋችው መንኮራኩር ጋር ግንኙነት የፈጠረውም እሱ ነው፤ ያውም ጭንቀቱ ሳይለቀው።

የእኛ ድራማዎች ተንተባታቢ ሲያመጡ አብዛኛውን ጊዜ ለሳቅ ነው። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ እዚሁ አገር በአማርኛ የሠራው «ክራምብስ» (እ.ኤ.አ. 2015) ግን ፈሪውን መሀል አቆመው። ዳንኤል ታደሰ የሚጫወተውን ሰው ፍርሃት አይለየውም፤ ሰማይ ላይ ተንጠልጥላ የኖረችው መንኮራኩር ስትነቃ ግን ቤቱን ጥሎ ይነሳል። ሌላ ፊልም ውስጥ ቢሆን ኖሮ የጀግናው ተላላኪ ነበር የሚያደርጉት።