የአሮጌ መኪና ዋጋ

ሕዝባችን «ኤንትሬ» የሚለው የጭነት መኪና የጣሊያኑ ፊያት 682 ኤን 3 ነው፤ «ትሬ» በጣሊያንኛ ሦስት ማለት ነውና። እስከ 1990 ዓ.ም. ጦርነት ድረስ የአሰብን መንገድ ሲመላለስበት ኖረ። አባቴም በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ጊዜ በኤንትሬው ወደ ወሎ እህል አመላልሷል።

እኔም መኪናውን ወርሼ ሀይሌ ጋርመንት ለሚገኝ አንድ መካኒክ ባሳየው፣ «ጋሼ፣ ማደሻው ከመኪናው ዋጋ ይበልጣል፤ ለብረት ማቅለጫ ይሽጡት» ሲል መከረኝ። ያለኝ ገንዘብ ለቤቴ ጣራ ያጠራቀምሁት ነበርና ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርሁ። በማግሥቱ ሞተሩና ፍሬኑ እንዲታደስ አዘዝሁ፤ ቀለም መቀባቱን ግን ከለከልሁ። ሞተሩን ማደስ የአባትን ድካም ማክበር ነው፤ ቀለሙ ግን ለከንቱ ውዳሴ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ክረምት ሲገባ ጣራዬ ያፈሳል። ባደረግሁት አልጸጸትም፤ ነገር ግን የአያታቸውን ውለታ ልጆቼም አብረውኝ እየከፈሉ መሆናቸውን አልዘነጋም።